በበዓል ሌሊት በሬዲዮ የተላከ ሰላምታ



ሌሊት የሚሰማ ድምፅ ቀን ከሚሰማው ይልቅ ልብ ውስጥ ይገባል። ይህን ከእኛ ከእድርተኞች በላይ የሚያውቅ የለም። ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባ ሲነፋ እንቅልፋም የተባለው እንኳ ብድግ ብሎ «ደግሞ ማን ይሆን?» ይላል። በብዙ ሰፈር የእጅ ስልክ እየተካው ቢሄድም የጥሩምባው ሥራ አልተለወጠም። ይኸውም ሞት የገባበትን ቤት ለጎረቤት ማሳወቅና ሰዉን ወደዚያ ቤት ማሰባሰብ ነው። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩ ይደረደራል፤ ንፍሮው ይቀቀላል። ሐዘንተኛው ለብቻው አያድርም።

ነገር ግን ጥሩምባ የማይነፋለት ሐዘንም አለ። ሰውየው ሞተ እንዳይባል አስከሬን የለም፤ አለ እንዳይባል ድምፁ አይሰማም። እንዲህ ላለው ቤት ከቀኑ ሁሉ የሚከብደው የበዓል ቀን ነው። ጎረቤት ሁሉ ቄጠማ ጎዝጉዞ ቡና ሲያፈላ፣ የዚያ ቤት እናት ለቀረው ልጅ የዶሮውን ብልት አስቀምጣ በሩን ታያለች።

በዚህ ጽሑፍ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ሌሊት ሬዲዮ ነው፤ ይልቁንም አድማጭ ስልክ እየደወለ ስለሚናገርበት ዝግጅትና በበዓል ሰሞን ለእንደዚህ ያሉ ቤቶች ስለሠራው ሥራ ነው። ታሪኩ የሩቅ አገር ታሪክ ነው፤ ነገሩ ግን ለእኛም ቅርብ መሆኑን ወደ መጨረሻው ታዩታላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስልክና ሬዲዮ እንዴት ተገናኙ?

ሬዲዮ ሲጀመር ተናጋሪው አንድ፣ ሰሚው ብዙ ነበር። ሰሚው መልስ ልስጥ ቢል ደብዳቤ ከመጻፍ በቀር መንገድ አልነበረውም። በ1945 በኒውዮርክ ከተማ ደብሊው ኤም ሲ ኤ በተባለ ጣቢያ ባሪ ግሬይ የተባለ ሰው ሌሊት ሌሊት ሸክላ ያጫውት ነበር። አንድ ሌሊት ሥራው አሰልችቶት ሳለ ስልክ ይደወልለታል። ደዋዩ ውዲ ኸርማን የተባለ የታወቀ የሙዚቃ ጓድ መሪ ነበር። ግሬይ ምን አደረገ? የስልኩን እጀታ ከማይክራፎኑ ጋር አስጠግቶ ጨዋታቸውን ለሕዝብ አሰማ። ብዙዎች የስልክ ውይይት ዝግጅትን አጀማመር ከዚህች ሌሊት ይቆጥራሉ።

ሆኖም አስቸጋሪ ነገር ነበረበት። አንድ ደዋይ ያልታረመ ቃል ቢናገር ማን ይመልሰዋል? በ1952 በፔንሲልቬንያ ግዛት በአለንታውን ከተማ ያለ አንድ ጣቢያ፣ ድምፁን በቴፕ ቀድቶ ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ የሚያሰማ ዘዴ ሥራ ላይ አዋለ። ክፉ ቃል ከወጣ በእነዚያ ሰኮንዶች ውስጥ ይቆረጣል ማለት ነው። ከዚህ ወዲያ ስልኩ ለማንም ሰው ሊከፈት ቻለ።

ለምን ሌሊት ሆነ ቢባል ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው የአየር ሰዓት ነጋዴ ስለማይሻማበት እንደ ልብ ይገኛል። ሁለተኛው የተፈጥሮ ነው። በመካከለኛ ሞገድ የሚተላለፍ ሬዲዮ ቀን ቀን ሩቅ አይሄድም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን የላይኛው አየር ጠባይ ይለወጥና ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከዚያ ተንጸባርቆ፣ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ይወርዳል። ቀን የማይሰማ ጣቢያ ሌሊት አጠገብ ያለ ያህል ጥርት ብሎ ሲሰማን የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሊት የሚገናኙ ማኅበርተኞች

በ1964 በዩታ ግዛት ዋና ከተማ በሶልት ሌክ ሲቲ፣ ኬ ኤስ ኤል በተባለው ጣቢያ፣ ኸርብ ጀፕኮ የተባለ ሰው ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት የሚቆይ የስልክ ዝግጅት ጀመረ። ጣቢያው 50,000 ዋት ጉልበት ስለነበረው ሌሊት ሌሊት አብዛኛውን የምዕራብ አሜሪካ ክፍል ያዳርስ ነበር። ጀፕኮ አድማጮቹን «ናይትካፕ» ብሎ ጠራቸው፤ የሌሊት ቆብ እንደማለት ነው።

ደዋዮቹ እነማን ነበሩ? ባል የሞተባቸው አሮጊቶች፣ የሌሊት ተረኛ ሠራተኞች፣ የጭነት መኪና ነጂዎች፣ እንቅልፍ የነሳቸው በሽተኞች ነበሩ። ደንቡም ቀላል ነበር፤ ለአንድ ደዋይ የሚፈቀደው 5 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ፖለቲካና የሃይማኖት ክርክር አይነሳም። የሚወራው ስለ ልጅ ልጅ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ወጥ አሠራር፣ ስለ ልደት ቀን ነው። ይህ ምኑ ይወራል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ግን ቤቱ ውስጥ «ዛሬ ብርድ ነው» ብሎ የሚናገርለት ሰው ላጣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለእድርተኛ የሚጥመው ደግሞ ቀጥሎ የሆነው ነው። አድማጮቹ በድምፅ ብቻ መተዋወቅ አልበቃቸው ብሎ በየከተማቸው ማኅበር አቋቋሙ፤ እየተሰበሰቡ ይገናኙ፣ ለታመመ ካርድ ይልኩ ጀመር። «የኩራዝ ክር» የሚል ትርጉም ያለው መጽሔትም ነበራቸው። በ1975 ሚውችዋል የተባለው ድርጅት ዝግጅቱን በመላ አሜሪካ ባሉ ጣቢያዎች ያሰማው ጀመር፤ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1977 ተወው። አስተዋዋቂ ነጋዴዎች ሽማግሌና አሮጊት አድማጭ አያጓጓቸውም ነበርና ነው። ጀፕኮ በ1995 ዐረፈ።

ከዚህ ታሪክ የምንይዘው አንድ ነገር ነው። የሌሊት ሬዲዮ ትልቁ ሥራው ወሬ ማቀበል አልነበረም። ሰሚ ላጣ ሰው ሰሚ መስጠት ነበር። ይህ ነገር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆኖ የታየው ደግሞ በደቡብ አሜሪካ፣ በኮሎምቢያ ነው።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ በቦጎታ

ኮሎምቢያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በእርስ በርስ ጦርነት የደማች አገር ናት። ከሸማቂዎቹ ዋነኛው ፋርክ የተባለው ድርጅት ነበር። ለገንዘብና ለእስረኛ መለዋወጫ ሲል ሰው ማገት ልማድ አደረገ፤ ሌሎቹም ታጣቂዎች እንዲሁ። ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ወታደር፣ ፖሊስ፣ የምክር ቤት አባል፣ ማንም አልቀረ። በ2000 ብቻ ከ3,500 በላይ ሰው ታግቷል። ከሰላሙ ስምምነት በኋላ የተቋቋመው ልዩ ፍርድ ቤት በ2021 እንዳስታወቀው፣ ፋርክ ብቻውን ያገታቸው ሰዎች ቁጥር ቢያንስ 21,396 ነው።

በመጋቢት 1994 ኤርቢን ኦዮስ የተባለ የካራኮል ሬዲዮ ጋዜጠኛ ራሱ ታገተ። ከ17 ቀን በኋላ የመንግሥት ጦር አስለቀቀው። በታገተበት ሰሞን ግን ከዛፍ ጋር በሰንሰለት የታሰረ ሌላ ታጋች አግኝቶ ነበር። ሰውየው ትንሽ ሬዲዮ ነበረው፤ እናንተ ጋዜጠኞች ለእኛ ለታጋቾቹ ምን አደረጋችሁልን ሲል ወቀሰው። ኦዮስ ይህን ወቀሳ ይዞ ተመለሰና በዚያው ዓመት «የእገታ ድምፆች» የተባለውን ዝግጅት ጀመረ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። እሑድ ሊነጋ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ የስልኩ መስመር ለታጋች ቤተሰቦች ይከፈታል። እናት፣ ሚስት፣ ልጅ በተራ ይደውላሉ፤ ሌሎችም ቦጎታ ወዳለው ጣቢያ ራሳቸው ይመጣሉ። የታጋቹን ስም ጠርተው ይናገራሉ። የሚናገሩት የጦርነት ወሬ አይደለም፤ አጋቾቹም እኮ ይሰማሉ። «ልጅህ ስድስተኛ ክፍል ገባች፤ እህትህ ወለደች፤ ላሟ ታለበች፤ ጤና ነን፤ በርታ» የሚል ዓይነት ነው። መልስ የለም። ይሰማ አይሰማ፣ ይኑር አይኑር አይታወቅም። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ይደውላሉ። ዝግጅቱ በዚህ ሁኔታ 24 ዓመት ያህል ዘለቀ።

ጫካ ውስጥስ? ብዙዎቹ ታጋቾች ትንሽ ሬዲዮ እንዲይዙ ይፈቀድላቸው ነበር። ሬዲዮው ከምግብ ያልተናነሰ ሀብት ነው። ትልቁ ጭንቅ የባትሪ ድንጋይ ነበር። እኛም ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሰጣን አንድ ሁለት ቀን ያሠራነው የምናውቀው ጭንቅ ነው። ሽቦ ከዛፍ ላይ ሰቅሎ ሞገድ መፈለግም ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ወይም ሌሊቱን በጉዞ ሲያሳልፉት የሳምንቱ መልእክት ሳይሰማ ያልፋል። ያልሰማውን ደግሞ የሰማ ጓደኛው ጠዋት ይነግረዋል፤ «እናትህ ደውላ ነበር» ይለዋል። በሰንሰለት የታሰረ ሰው እንኳ መልእክት አድራሽ ሆነ ማለት ነው።

ገና ሲመጣ

የኮሎምቢያ ሰው ታኅሣሥን ወሩን በሙሉ እንደ በዓል ነው የሚያየው። በታኅሣሥ 7 ምሽት በየደጁና በየመስኮቱ ሻማ ይበራል። ከ16 እስከ 24 ዘጠኝ ሌሊት ቤተሰብና ጎረቤት በየተራ በየቤቱ ተሰብስቦ፣ የግርግሙን ምስል ከብቦ ይጸልያል፤ አይብ የገባበት የተጠበሰ ድብልብል ሊጥ ከጣፋጭ ጋር ይበላል። እንግዲህ የእኛን የገና ወይም የፋሲካ ዋዜማ አስቡት።

ያ ሰሞን ለታጋች ቤተሰብ ምን እንደነበር መገመት አያዳግትም። በሰፈሩ ውስጥ ዘፈን ሲሰማ የእነርሱ ቤት ከሬዲዮ ጣቢያው ጋር ተራ ይጠብቃል። መልእክቱም የገና ሰላምታ ይሆናል። አንዱ ልጅ ለአባቱ መዝሙር ይዘምራል፤ አንዷ እናት ማዕድ ላይ ቦታህ ባዶ ነው ትላለች። ጫካ ውስጥ ያለው ሰው ቀን መቁጠሩ ቢጠፋበት እንኳ ገና መድረሱን የሚያውቀው በዚህ ነው።

ከእነዚህ ቤቶች የሁለቱን ብቻ ላንሳ። በታኅሣሥ 21 ቀን 1997፣ ገና ሊሆን አራት ቀን ሲቀረው፣ ፋርክ በደቡብ ኮሎምቢያ ፓታስኮይ በተባለ ተራራ ላይ የነበረ የጦር ካምፕ መትቶ 18 ወታደሮች ማረከ። አብዛኞቹ በ2001 ተለቀቁ። ፓብሎ ኤሚልዮ ሞንካዮና ሊቢዮ ሆሴ ማርቲኔዝ ግን ቀሩ።

የሞንካዮ አባት ጉስታቮ የገጠር ከተማ አስተማሪ ነበሩ። አሥር ዓመት ሊሞላ ሲል በሬዲዮ መናገሩ አልበቃ አላቸው። በ2007 እንደ ልጃቸው በሰንሰለት ታስረው፣ ከሚኖሩባት ከሳንዶና ተነሥተው 46 ቀን ያህል በእግራቸው ተጉዘው ቦጎታ ገቡ፤ በቦሊቫር አደባባይም ድንኳን ተክለው ተቀመጡ። ልጁ በመጋቢት 30 ቀን 2010 ከ12 ዓመት በላይ ታስሮ ሲለቀቅ፣ የአባቱን ሰንሰለት በገዛ እጁ አወለቀላቸው።

የማርቲኔዝ ነገር ግን ሌላ ነው። ሲማረክ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጁ ተወልዶ አደገ፤ አባቱንም በአካል አላየውም። ድምፁን በሬዲዮ እየላከ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላው። በኅዳር 26 ቀን 2011፣ ሌላ ገና ሊመጣ አንድ ወር ሲቀረው፣ መንግሥት ወታደሮች ወደ ሰፈሩ ሲጠጉ አጋቾቹ ማርቲኔዝንና ሦስት የፖሊስ መኮንኖችን ገደሏቸው። ለ14 ዓመት ያህል ታስሮ ነበር። ልጁ አባቱን መጀመሪያ ያገኘው በአስከሬን ሳጥን ነው። ይህን ቤት ምን ብለን እናጽናና ነበር? ቢያንስ አንድ ነገር ማለት ይቻላል፤ ይህ ልጅ ለአባቱ ያልነገረው ነገር አልነበረም።

መርዶ ያጣ ሰው

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በሥርዓት ነው። ሽማግሌዎች ተመርጠው፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ እንዲኖር ነው። ጫካ ውስጥ ያለ ታጋች ይህ ሁሉ የለውም።

ኢንግሪድ ቤታንኩር የፕሬዚደንትነት እጩ ሆነው ሲወዳደሩ በየካቲት 23 ቀን 2002 ታገቱ። ልክ በወሩ፣ በመጋቢት 23፣ አባታቸው ዐረፉ። ልጅ የአባታቸውን ሞት የሰሙት ከአንድ ጋዜጣ ላይ አንብበው ነው። ያረዳቸው የለም፤ አብሮ ያለቀሰ ዘመድ የለም፤ ሣልስት የለም። ከዚህ በኋላ ከቤታቸው የቀራቸው የእናታቸው ድምፅ ነበር። እናትየዋ ዮላንዳ ፑሌስዮ በኦዮስ ዝግጅት ብቻ ሳይወሰኑ፣ ሌላ ጣቢያ ንጋት ላይ በሚያሰማው ተመሳሳይ ዝግጅትም ለስድስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ መልእክት ሲልኩ ኖሩ። ወይዘሮ ኢንግሪድ በሐምሌ 2 ቀን 2008 ከሌሎች 14 ታጋቾች ጋር ነፃ ከወጡ ወዲህ፣ በሕይወት ያቆየኝ ያ የእናቴ ድምፅ ነው ብለው ደጋግመው መስክረዋል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። እናትየዋ የተናገሩት አዲስ ወሬ ስለነበረ አይደለም። አብዛኛው ቀን «አለሁ፤ አልረሳሁሽም» ከማለት አያልፍም። ይሁን እንጂ ይህን ቃል የሚተካ ሌላ ነገር አልተገኘም።

ዝግጅቱ ያበቃበት ሁኔታ

ኦዮስ ብዙ ዛቻ ደርሶበታል፤ በ2009 ለነፍሱ ፈርቶ ወደ ስፔን ተሰደደ። ዝግጅቱን ግን አልተወም። ፋርክ በየካቲት 2012 ለገንዘብ ሲል ሰው ማገቱን ማቆሙን አስታወቀ፤ በሚያዝያ 2 ቀን ደግሞ የቀሩትን 10 ወታደሮችና ፖሊሶች ለቀቀ። በኅዳር 2016 የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ። «የእገታ ድምፆች» በ2018 መጀመሪያ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰማ። ኤርቢን ኦዮስ በነሐሴ 2021 በኮሮና በሽታ ሞተ።

እገታው ግን ከሥሩ አልተነቀለም። በጥቅምት 2023 ኢ ኤል ኤን የተባለው ሌላው ሸማቂ ድርጅት የታዋቂውን እግር ኳስ ተጫዋች የሉዊስ ዲያዝን አባት አግቶ ከ12 ቀን በኋላ ለቅቋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚያ ጦርነት ደብዛቸው የጠፋ ከ100,000 በላይ ሰዎች ይፈለጋሉ። ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አፅም እየቆፈረ፣ ከዘመድ ደም ጋር እያመሳከረ፣ ለየቤተሰቡ ያስረክባል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አፅም ተቀብሎ የሚቀብር እናት አለች። ቀብር ዕረፍት መሆኑን ለእድርተኛ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ለእኛስ ምን ይላል?

ይህን ሁሉ ያወራሁት የሰው አገር ችግር ለማጫወት ብቻ አይደለም። በእኛም ሰፈር ወደ ዐረብ አገር ሄዳ ስልኳ የተዘጋ ልጅ፣ በረሃና ባሕር ለማቋረጥ ወጥቶ ወሬው የጠፋ ወንድም፣ ከዘመቻ ያልተመለሰና ሞቱም ያልተነገረ ልጅ ያለበት ቤት የለም የሚል ካለ እጁን ያውጣ። የብዙ እድር መተዳደሪያ ደንብ ክፍያ የሚፈቅደው ሞት ሲረጋገጥ ነው። ይህ ለገንዘብ አጠባበቅ ትክክል ነው፤ ሒሳብ ያለ ማስረጃ አይወጣም። ታዲያ ለእነዚህ ቤቶች መዝገባችን ላይ አንድ መሥመር እንኳ የለም ማለት ነው። ሞተ ብለን አናለቅስላቸው፣ አለ ብለን አንጠይቃቸው፤ እንዲያውም ቁስሉን እንዳንነካ ብለን ዝም እንላለን። ዝምታው ግን ለእነርሱ መረሳት ነው።

ስለሆነም ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ ትንሽ ሐሳብ አቀርባለሁ። ወጪ የለውም። ጸሐፊያችን ከሟቾች ዝርዝር ጎን ወሬያቸው የጠፋ ሰዎችን ስም፣ ቤተሰቡ ፈቃደኛ ከሆነ፣ በአንድ ገጽ ይያዙ። በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካ፣ በዒድም ዋዜማ ሁለት ሁለት እየሆንን ወደ እነዚህ ቤቶች እንሂድ። መሄድ ያልቻለ ማታ ስልክ ይደውል። ስንሄድም «እንኳን አደረሳችሁ» ብለን ብቻ አንመለስ፤ የልጁን ስም ጠርተን እንጠይቅ። እናት ስለ ልጇ ታውራ፤ እኛ እንስማ። 5 ደቂቃም ቢሆን።

የእድራችን ጥሩምባ ለሞተ ሰው ሰፈሩን ሲቀሰቅስ ኖሯል፤ ወደፊትም ይቀሰቅሳል። ሞቱም መኖሩም ላልታወቀው ሰው ቤት ግን በበዓል ዋዜማ በር የሚያንኳኳ እጅ ያስፈልጋል። ፈጣሪ የጠፋውን ያስገኝልን፤ የራቀውን በሰላም ይመልስልን።

በቸር ይግጠመን።